ቁስል የሚጠግነው ከዋክብትንም ይቆጥራል

ስለ ሰማይ ሲሰበክ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው አንድ ነገር ነው፦ ሰማዩ ትልቅ ነው፣ ሰው ትንሽ ነው። እውነት ነው። ዳዊትም በመዝሙር 8 ጨረቃንና ከዋክብትን አይቶ «ሰው ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቋል። እዚያ ላይ ብቻ ስናቆም ግን አይመቸኝም። ትንሽነታችንንማ ኑሮ ራሱ በየቀኑ ይነግረን የለ?

እስቲ መዝሙር 147ን ክፈቱ። ቁጥር 3 ላይ እግዚአብሔር ልባቸው የተሰበረውን ይፈውሳል፣ ቁስላቸውንም ይጠግናል። ቁጥር 4 ላይ ከዋክብትን ይቆጥራል፣ ሁሉንም በየስማቸው ይጠራል። ዘማሪው ሁለቱን ሲያያይዝ ምንም ማብራሪያ አልጨመረም። ለእሱ ነገሩ አንድ ነው።

ኢሳይያስ 40ም እንዲሁ ነው። ቁጥር 26 «ዓይናችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ እነዚህን የፈጠረ ማን ነው?» ይላል። ለማን? በባቢሎን ለተማረከ ሕዝብ። ቀጥሎ ቁጥር 27 ላይ የሕዝቡ እሮሮ ይሰማል፤ «መንገዴ ከእግዚአብሔር ተሰውሯል» ይላሉ። ተረስተናል ማለታቸው ነው። መልሱ ቀድሞ ተሰጥቷቸዋል፦ ከእነዚያ ሁሉ ከዋክብት አንዱን እንኳ ያልረሳ እናንተን እንዴት ይረሳል?

ይህን ማንበብ ጥሩ ነው፤ ወጥቶ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ከተማ ውስጥ ላለን ሰዎች መብራት የጠፋ ለት ትልቅ ዕድል ነው (መብራት ኃይልን ከማማረር ቀና ማለት ይሻላል)። ጨረቃ የሌለችበት የታኅሣሥ ምሽት ምረጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ላይ ስታዩ ትንሽ የከዋክብት ዘለላ አለች፤ መጽሐፈ ኢዮብ ሰባቱ ከዋክብት የሚላት ናት። በባዶ ዓይን ስድስት ወይም ሰባት ብትቆጥሩ ነው። በቴሌስኮፕ ግን በውስጧ ከአንድ ሺህ በላይ ከዋክብት አሉ። ከእሷ ወደ ምሥራቅ ዝቅ ስትሉ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ደማቅ ከዋክብት ታገኛላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መታጠቂያ እነሱ ናቸው።

ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከፀሐይ እኛ ጋ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከሰባቱ ከዋክብት ግን ወደ 440 ዓመት ይፈጅበታል። ዛሬ ማታ ዓይናችሁ የሚገባው ብርሃን ጉዞውን የጀመረው አፄ ሠርፀ ድንግል በነገሡበት ዘመን ገደማ ነው ማለት ነው። እነዚህ እንግዲህ ቅርብ ከሚባሉት ናቸው!

በኢዮብ 38፥31 እግዚአብሔር «የሰባቱን ከዋክብት ዘለላ ልታስር ትችላለህን?» ይለዋል። አንዳንዶች ይህን ጥቅስ ይዘው መጽሐፈ ኢዮብን የፊዚክስ መጽሐፍ ሊያደርጉት ይሞክራሉ። እኔ አልስማማም። ኢዮብ ልጆቹን ቀብሮ፣ አመድ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው። ለምን ይህ ሁሉ እንደደረሰበት አልተነገረውም። ግን ያልተወው አምላክ ራሱ መጥቶ አነጋገረው፤ ሰማዩንም አሳየው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በመካከላችን «ኮከባችን አይገጥምም» ተብሎ እጮኛ የሚተው ሰው ዛሬም አለ። ስልክ ከፍቶ ዕለታዊ ኮከቡን የሚያነብ አማኝም አይጠፋም። ባቢሎንም እንዲህ ነበረች፤ ኢሳይያስ 47፥13 በከዋክብት ተመልካቾቿ ላይ ያፌዛል። ዘዳግም 4፥19ም ከዋክብትን አይታችሁ እንዳትሰግዱላቸው ይላል። ወገኖቼ፣ ትዳራችሁን የሚያውቀው ኮከቡ አይደለም፤ ኮከቡን በስሙ የሚጠራው ነው።

ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ውጡ። ስልኩ ቤት ይቅር። መጀመሪያ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ከዚያ መዝሙር 147ን በቃላችሁ በሉላቸው።

ይህን የምታነቡት ክረምት ላይ ከሆነ ሰማዩ ደመና ስለሚሆን ብዙም አይታያችሁም። ግድ የለም፣ እስከ ቁጥር 8 ዝለቁ፤ ሰማዩን በደመና የሚሸፍነው፣ ለምድርም ዝናብን የሚያዘጋጀው እሱ ራሱ ነው። ሰባቱን ከዋክብት በኅዳር ታገኟቸዋላችሁ።