ያለ ማሰሪያ የሚሄዱ ውሾች፦ የቦልደር ከተማ ደንብና የእግር መንገድ ሥነ ምግባር

በኮሎራዶ ግዛት፣ ከሮኪ ተራሮች ግርጌ የምትገኘው የቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 ነዋሪዎቿ በሰጡት ድምፅ ለክፍት መሬት መግዣ የሚውል የሽያጭ ታክስ የጣለች ስትሆን፣ ዛሬ ከ45,000 ኤከር በላይ መሬትና ከ150 ማይል በላይ የእግር መንገድ ታስተዳድራለች። ከእነዚህ መንገዶች በብዙዎቹ ላይ ውሻ ያለ ማሰሪያ መሄድ ይፈቀድለታል። ይሁን እንጂ ፈቃዱ የሚሰጠው ለውሻው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው፤ ውሻው ለሚያደርገው ነገር ሁሉ ተጠያቂውም እርሱ ነው።

አሠራሩ «ድምፅና እይታ» በሚባል ፕሮግራም የሚመራ ሲሆን የተጀመረው በ2006 ነው። በ2015 ደንቡ ጠበቅ ተደርጎ፣ ፈቃድ ፈላጊው አጭር ትምህርት እንዲከታተልና ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን በማስረጃ እንዲያሳይ ግዴታ ተጣለበት። ክትባቱ ተራ ወረቀት ማሟያ እንዳልሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የፈጀው ይኸው በሽታ ከቤት ውሾች የተዛመተ ነበር። በቦልደር መስፈርቱን ያሟላ ሰው የሚያገኘው መለያ በውሻው አንገት ላይ በግልጽ መታየት አለበት። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ፈትቶ ሊያስከትል የሚችለው ከሁለት ያልበለጡ ውሾችን ሲሆን፣ ለእያንዳንዳቸውም ማሰሪያ መያዝ ይጠበቅበታል።

የደንቡ ፍሬ ነገር ያለው ግን «ድምፅ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ውሻው ከባለቤቱ እይታ መውጣት የለበትም፤ በተጠራ ጊዜ፣ ቀልቡን የሚስብ ምንም ነገር ቢያጋጥመው፣ ወዲያውኑ ተመልሶ ከባለቤቱ ጎን መቆም አለበት። ሳሎን ውስጥ ቁራሽ ሥጋ ታይቶት የሚመጣ ውሻ ይህን ፈተና አለፈ አይባልም። ፈተናው አጋዘን ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ ስትል፣ ወይም ሕፃን ልጅ እየጮኸ ሲሮጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ውሻው እንደሚመለስ እርግጠኛ ያልሆነ ባለቤት፣ መለያው አንገቱ ላይ ቢኖርም እንኳ፣ ማሰሪያውን ባይፈታ ይመረጣል።

ጠብ በብዛት የሚነሳው «አይናከስም፣ አትፍሩ» በሚባልበት ሰዓት ነው። ንግግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ስለ ውሻው ጠባይ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ሊያውቅም አይገደድም። በዴንቨርና በአውሮራ አካባቢ ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በየበሩ እያነበቡ ያደጉ በመሆናቸው፣ የተፈታ ውሻ ሲመጣባቸው እጃቸው ድንጋይ ፍለጋ ወደ መሬት ይሄዳል። ይህ በአገር ቤት የሠራ ብልሃት እዚያ ባለቤቱን ያስቆጣል፤ ከመሮጥም ሆነ ከመጎንበስ ይልቅ ቆሞ፣ እጅን ዝቅ አድርጎ፣ ውሻውን እንዲጠራ ባለቤቱን መጠየቅ ይሻላል። መጀመሪያ መጥራት የነበረበት ግን ባለቤቱ ነው፤ ሰው፣ ፈረስ ወይም የታሰረ ውሻ ከሩቅ ሲያይ የራሱን ወደ ጎኑ ስቦ መንገድ ይለቃል። የታሰረው ውሻ ያረጀ፣ የታመመ ወይም ሌላ ውሻ የማይወድ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠየቁ ማቀራረብ ነውር ነው።

ዓይነ ምድርን በከረጢት ማንሳትም ግዴታ ነው። ከረጢቱን ቋጥሮ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብሎ መንገድ ዳር መተው እንደ ማንሳት አይቆጠርም፤ የሚመለሱለት ጥቂቶች ናቸውና።

በሕግ በኩል፣ የኮሎራዶ ግዛት በ2004 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት፣ በሕጋዊ መንገድ በስፍራው የተገኘን ሰው ነክሶ ከባድ ጉዳት ያደረሰ ውሻ ባለቤት፣ ውሻው ከዚያ በፊት ነክሶ ባያውቅም እንኳ፣ ለደረሰው ኪሳራ ተጠያቂ ይሆናል። ከብት ወይም በግ ሲያሳድድ የተገኘ ውሻም ሊገደል ይችላል፤ ካሳውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

የቦልደር ከተማ መለያ ከከተማዋ መሬት ውጭ አያገለግልም። የቦልደር አውራጃ በሚያስተዳድራቸው መናፈሻዎች ውሻ የሚገባው ታስሮ ብቻ ነው፤ በሮኪ ተራራ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በእግር መንገዶቹ ላይ ጭራሽ አይፈቀድም፣ የሚፈቀደው በመኪና መንገድ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በሽርሽር ስፍራና በድንኳን ሰፈር ብቻ ነው፤ በዚያም ቢሆን ርዝመቱ ከ6 ጫማ ባልበለጠ ማሰሪያ መያዝ አለበት።