ጥንቸሎችን ማላመድ ምንድን ነው?

ወንዶቹ ጥንቸሎቼ ቡሬና ዳለቻ ከተኮላሹ ገና ሳምንታቸው ነበር። ቁስላቸው ጠግጓል። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይዘላሉ። እኔም «በቃ አለቀ» ብዬ ከሴቶቹ ከሻሼና ከጥጥዬ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ሁለቱ ወንዶች ተጠቅልለው መሬት ላይ ይንከባለሉ ጀመር። ጸጉራቸው ሲበንን ግቢው ጥጥ የተነደፈበት መሰለ። የዳለቻ የግራ ጆሮ እስከ ዛሬ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አልነበረም። እዚህ ሀዋሳ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ግን ያንኑ ጥያቄ እሰማለሁ። «ካኮላሸናቸው በኋላም ለምን ይጣላሉ?» ይሉኛል። መልሱ ማላመድ የሚባለው ነገር ላይ ነው።

ማላመድ ማለት ለየብቻ የኖሩ ጥንቸሎችን ቀስ በቀስ ማገናኘት ነው። ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል የሚለውን ራሳቸው ይወስናሉ። እኛ ሳይጎዳዱ እንዲወስኑ ቦታና ጊዜ እንሰጣቸዋለን። ማኮላሸት በሩን ይከፍታል። ገብቶ መተዋወቁ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ጉዳዩን የሚያደናግረው አንድ ነገር አለ። በአማርኛ «ጥንቸል» የምንለው ሁለት የተለያየ እንስሳ ነው። አንዷ በየሜዳውና በየቁጥቋጦው የምናያት የዱሯ ናት። እሷ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ትኖራለች፣ ጉድጓድ አትቆፍርም፣ ልጆቿም ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸው ተገልጦ ይወለዳሉ። ቤት የምናሳድጋት ግን ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል አካባቢ የመጣ ነው። የእሷ አያቶች ጉድጓድ ቆፍረው በቡድን የሚኖሩ ናቸው። ልጆቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ስለዚህ «ጥንቸል እኮ ብቸኛ እንስሳ ነው» የሚል ሰው ስለ ዱሯ እያወራ ነው። የቤቷ ጥንቸል ጓደኛ ትፈልጋለች። ግን ደግሞ ድንበር አላት፣ ደረጃ አላት። እንግዳ ሲገባባት ቤቷ የተደፈረ ያህል ነው የምትቆጣው። ሴቶቹም ከወንዶቹ አይተናነሱም።

ማኮላሸት ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ወጠጤና ሙክትን ማሰብ ይበቃል። ወጠጤ ፍየል ይሸታል፣ ይዋጋል፣ ያገኘው ላይ ሁሉ ይወጣል። ሙክት ሲሆን ይረጋጋል። ነገር ግን ወጠጤ በአንድ ቀን ሙክት ሆኖ አያድርም። ጥንቸልም እንደዚያው ናት። የዘር ፍሬው ቢወጣም ሆርሞኑ ከደም ውስጥ ወዲያው አይጠፋም። ጠባዩ እስኪለወጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወንዱ አሁንም ሊያስረግዝ ይችላል፣ በሰውነቱ የቀረ ዘር አለና። ሴት ጥንቸል አንድ ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፣ በወለደችበት ቀን ደግሞ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። አንድ ቀን የሳተ ሰው በወሩ ግቢው ሙሉ ጫጩት የሚያክሉ ልጆች ያገኛል።

የሴቶቹ ኦፕራሲዮን ከወንዶቹ ይከብዳል። ሆድ ተከፍቶ ማህፀንና እንቁላል እጢ ነው የሚወጣው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያለ ሩጫ፣ ያለ ትግል ማረፍ አለባት። ይህን ወጪና ስጋት ለምን ትሸከማላችሁ ለሚሉኝ አንድ መልስ አለኝ። ያልተመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛታል። ጠብ ባይኖር እንኳ እኔ ለዚህ ብቻ አስደርገው ነበር።

ሐኪም ስትመርጡ ደግሞ አትፈሩ፣ ጠይቁ። አብዛኛው የእንስሳት ሐኪም የሚያውቀው ከብት፣ በግና ውሻ ነው። ጥንቸል በማደንዘዣ ቶሎ ትጎዳለች። «ጥንቸል ኦፕራሲዮን አድርገህ ታውቃለህ?» ማለት ነውር አይደለም። «ከማታ ጀምሮ ምግብ ከልክሏት» ካላችሁ ሌላ ሐኪም ፈልጉ። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። ስለዚህ እንደ ውሻ ማስራብ አያስፈልግም፣ አንጀቷ ሥራ ካቆመ ደግሞ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም መብላትና መጸዳዳት መጀመሯን ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ተከታተሉ።

እነዚያ የመጠበቂያ ሳምንታት ባዶ ጊዜ አይደሉም። እንዲያውም የማላመዱ ግማሽ እዚያ ነው የሚያልቀው። የሽቦ ቤቶቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመካከል ጥርስ የማይደርስበት ክፍተት ይኑር፣ በሽቦ ቀዳዳ አፍንጫ ይነካከሳሉና። ጥንቸል ዓለምን የምታውቀው በማሽተት ነው። አገጯ ሥር ሽታ የሚያመነጭ እጢ አለ። ወንበሩን፣ በሩን፣ የእናንተን ጫማ በአገጯ የምታሸው «የእኔ ነው» ለማለት ነው። ስለዚህ ሽታቸውን አለዋውጡ። የአንዱን ድርቆሽ ለሌላው ስጡ። በየሁለት ቀኑ ቤት አቀያይሯቸው። ሻሼ መጀመሪያ የቡሬ ቤት ስትገባ እግሯን መሬት ላይ እየደበደበች አደረች። በሳምንቱ ገብታ ዝርግት ብላ ተኛች። ፊት ለፊት ከመገናኘታቸው በፊት ቢያንስ በጠረን ተዋውቀው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የመገናኛው ቦታ ይመጣል። ይህ ቦታ የማንም መሆን የለበትም። ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ አንዱ ቤት አይቀመጥም፣ ዛፍ ሥር ነው የሚወስዳቸው። ለጥንቸልም ያው ነው። የእኔ ግቢ ሁሉ በጠረናቸው ተሞልቶ ስለነበር ጎረቤቴ እማማ በረንዳቸውን ፈቀዱልኝ። ሸክላው ስለሚያንሸራትት ምንጣፍ አነጠፍኩበት። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ጥንቸል ትደነግጣለች፣ የደነገጠች ጥንቸል ደግሞ ትነክሳለች። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት። ጥሩ ላይ እያሉ ማቆም ነው ዋናው ዘዴ። የመጨረሻ ትዝታቸው ሰላም ይሁን።

ምን እንደምታዩ ማወቅ አለባችሁ። አንዷ ሌላው ላይ ብትወጣ አትደንግጡ። ይህ የወሲብ ጉዳይ ሳይሆን «እኔ እበልጣለሁ» ማለት ነው፣ ሴቷም ወንዱ ላይ ትወጣለች። ጥቂት ሰከንድ ይሁን፣ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱ። በጭንቅላት በኩል ከወጣች ግን ወዲያው አንሷት። ከታች ያለው ጥንቸል ጥርስ ብልቷ ጋ ይደርሳል፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። አጠር ያለ ማባረርና ጸጉር መንጨት ያለ ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተጣብቆ ጭራ ከቆመና እርስ በርስ እየተዟዟሩ መሽከርከር ከጀመሩ ግን ጠቡ መጥቷል። እጃችሁን እንዳታስገቡ። ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ወይም መጥረጊያ በመካከላቸው አስገቡ። እኔ በባዶ እጄ ገብቼ አውራ ጣቴ ተሰፍቷል።

ደስ የሚለው ምልክት ደግሞ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጥጥዬ ቡሬ ፊት ጭንቅላቷን መሬት ላይ አስተኛች። የተሸነፈች መስሎኝ አዘንኩላት። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። የበላይ የሆነችው ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ «ላሰኝ» ትላለች፣ የበታቹ ግንባሯንና ዓይኗን ይልሳል። ቡሬ ትንሽ አሰበ፣ ከዚያ መላስ ጀመረ። እማማ ከወንበራቸው ሆነው «ተመስገን!» አሉ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ቡድን ከጥንድ የሚከብደው ለምንድን ነው? ቁጥሩን አስቡት። ሁለት ጥንቸሎች መካከል ያለው ግንኙነት 1 ነው። ሦስት ሲሆኑ 3 ይሆናል። አራት ሲሆኑ 6! እያንዳንዱ ለየብቻው መስማማት አለበት። ሻሼና ዳለቻ ተስማሙ ማለት ሻሼና ጥጥዬ ተስማሙ ማለት አይደለም። ደግሞ ሁለቱ ሲጣሉ በጎን ያሉት ይደናገጡና የቆየ ወዳጅነት ይፈርሳል። እኔ መጀመሪያ ስድስቱንም ጥንድ በየተራ ሞከርኩ፣ የትኛው እንደሚያሰጋ ለማወቅ። ከዚያ አራቱን በአንድ ጊዜ አንድ በረንዳ ላይ አወጣሁ። ሁለቱን አጥብቆ አዋህዶ ከዚያ ሦስተኛ መጨመር ሦስተኛውን ሁልጊዜ እንግዳ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዱ ሰው ካርቶን ውስጥ ጨምሮ በባጃጅ አዙራቸው ይላል። ሲፈሩ ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፣ እውነት ነው። ግን የታቀፉት ፍርሃት ስላስተቃቀፋቸው ነው። ባጃጁ ሲቆም ጠቡ የነበረበት ቦታ ይጠብቃል። እኔ አልመክርም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ሀዋሳ በበጋ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀት የምታስወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። በዚያ ሰዓት ማሯሯጥ ሊገድላት ይችላል። ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አድርጉት። እነሱም ንቁ የሚሆኑት ያኔ ነው።

ወደ ቤት ስትመልሷቸው ቤቱ እንደ አዲስ ይሁን። ወለሉን በአቼቶና በውሃ እጠቡ፣ ዕቃውን ቦታ ቀይሩ። ድርቆሽና ውሃ ሁለት ሦስት ቦታ አድርጉ። የምትሰጧቸው ካርቶን ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ያለው መደበቂያ ወጥመድ ነው፣ የሚባረረው መውጫ ያጣል።

ተላመዱ የምትሉት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ሳይለያዩ፣ ያለ ጠብ፣ ተነካክተው ተኝተው ሲያድሩ ነው። የእኔዎቹ አምስት ሳምንት ፈጀባቸው። የአንዳንዱ በቀናት ያልቃል፣ የአንዳንዱ ወራት ይወስዳል። ጨርሶ እምቢ የሚሉም አሉ። እነዚያን ሁለት ሁለት አድርጎ ማኖር ክፋት የለውም።

ከተላመዱ በኋላ ደግሞ አትለያዩአቸው። አንዷ ብቻዋን ሐኪም ቤት ደርሳ ስትመለስ መድኃኒት መድኃኒት ትሸታለች፣ ጓደኞቿም እንደ እንግዳ ሊያባርሯት ይችላሉ። ባለፈው ጥጥዬ ጥርሷ አድጎ መብላት ሲያቅታት አራቱንም በአንድ ትልቅ ቅርጫት ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ እሷን እያየ ሳለ ሦስቱ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ይጠብቋት ነበር። ስትመለስ መጀመሪያ የላሳት ያ ጆሮ ስንጥቁ ዳለቻ ነው።