ኦኪሞኖ ምንድን ነው?

የአያት ንብረት ሲከፋፈል ወርቁና ሰዓቱ ቶሎ ባለቤት ያገኛሉ። ቡፌው ጥግ አቧራ የጠጣው ጥቁር ነብር ግን ማንም አይሽቀዳደምለትም። ያነሳው ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በክብደቱ ነው። ገልብጦ ሆዱን ሲያይ አራት ማዕዘን ውስጥ የታጨቁ ፊደላት ያገኛል። “የቻይና ነው መሰለኝ” ይላል አንዱ። ብዙ ጊዜ ግን የጃፓን ነው። እንዲህ ያለው ጌጥ ኦኪሞኖ ይባላል።

የቃሉ ትርጉም ቀላል ነው፤ የሚቀመጥ ነገር። በቃ። አይበላበትም፣ አይጠጣበትም። ሥራው መታየት ነው። በጃፓን ባህላዊ ቤት፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ፣ ቶኮኖማ የምትባል ወደ ግድግዳው ገባ ያለች ቦታ አለች። ከላይ ስዕል ይሰቀልባታል፣ ከሥሩ አበባ ወይም ኦኪሞኖ ይቀመጥባታል። ከእንጨትም ከሸክላም ከዝሆን ጥርስም ይሠራል። እኔ የማወራው ስለ ነሐሱ እንስሳ ነው።

ወራሾችን ቅር የሚያሰኘውን ቀድሜ ልናገር። “የሦስት መቶ ዓመት ቅርስ” እየተባለ የተወራለት ነብር አብዛኛውን ጊዜ የሜጂ ዘመን ሥራ ነው። ይህ ዘመን ከ1868 እስከ 1912 ያለው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የተሠራውም በአመዛኙ ለውጭ ገበያ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከሥራ ማጣት ነው። የሳሙራይ፣ የሰይፍ ታጣቂዎቹ ጦረኞች፣ ሥርዓት ፈረሰ። በ1876 መንግሥት ሰይፍ ታጥቆ አደባባይ መውጣትን ከለከለ። ዕድሜያቸውን የሰይፍ ጌጥ ሲሠሩ የኖሩ ባለሙያዎች ደንበኛቸውን በአንድ አዋጅ አጡ። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ትልልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ይካሄዱ ነበር። ቪየና በ1873፣ ፊላደልፊያ በ1876፣ ፓሪስ በ1878። ፈረንጁ የጃፓንን ሥራ አይቶ ጉድ አለ። ሙያው ነበረ፤ ገዢም ተገኘለት። የነሐስ ባለሙያው ሱዙኪ ቾኪቺ በ1893 ቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ ያሳያቸው አሥራ ሁለት ጭልፊቶች፣ እያንዳንዳቸው በሌላ አኳኋን የቆሙት፣ የዚህ ሙያ ጫፍ ናቸው።

አሠራሩን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። ቅኔያችን “ሰምና ወርቅ” የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። እንስሳው መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል። ሰሙ በጭቃ ይሸፈናል። እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠው ነሐስ ይገባል። ከዚያ ጭቃው ይሰበራል። ጥሩ ሠሪ ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም። የነብሩን ጸጉር፣ የንስሩን ላባ በመሮ አንድ በአንድ ይወጣዋል።

ስለዚህ ጥሩውን ከመናኛው ለመለየት ዓይናችሁን ከጆሮው ጀርባ፣ ከጣቶቹ መሃልና ከሆዱ ሥር አሳርፉ። ጀርባውንማ ሁሉም ያሳምራል። ጥሩ ሠሪ ማንም የማያየውንም ቦታ አይዘልም። ርካሹ ሥራ ላይ ግን ጸጉሩ ብዙ የታጠቡበት ሳሙና ይመስል ድብዝዝ ያለ ነው። እኔ ሆዱ ላይ ካለው የሠሪው ፊርማ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ፊርማው ይጠቅማል እንጂ ሁሉን አይፈታም። በነሐስ እንስሳ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ስም ጌንሪውሳይ ሴይያ ነው። ዝሆን፣ ነብር፣ ድብ በብዛት የወጣበት ወርክሾፕ ነው። ከብዙ እጅ የወጣ ስለሆነ ደግሞ ሁሉም እኩል አያምርም። ከሥሩ በእንግሊዝኛ “ጃፓን” የሚል ካለ ሌላ ፍንጭ ነው። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ የተነሳ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የመጣበትን አገር ስም በእንግሊዝኛ መያዝ ነበረበት። “ኒፖን” ተብሎ መጻፍ ደግሞ ከ1921 ወዲህ አልተፈቀደም። ጽሑፍ የሌለው ሁሉ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ እንዳይመስላችሁ።

ማግኔትም ሞክሩ። ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው ግን “ነሐስ ነው” ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ዚንክንም አይዝም። ከመቀመጫው ሥር ድሮ የተፋቀ ቦታ ካለ እዩት። ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ከሆነ ርካሽ ቅይጥ ሳይሆን አይቀርም። አዲስ ፍቀት ግን እንዳትጨምሩበት።

እባካችሁ አትወልውሉት። ያ ጥቁር ቡኒ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ሠሪው ራሱ አስቦበት፣ ነሐሱን በኬሚካል እያከመ ያወጣው ነው። በሎሚ ፈትጎ እንደ እንግዳ ትሪ ያንጸባረቀው ሰው ከዋጋው ትልቁን ድርሻ በአንድ ከሰዓት በኋላ አጥቦ ይደፋዋል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

“ታዲያ ስንት ያወጣል?” ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈው ዋጋ ሻጩ የተመኘው ነው። እናንተ የተሸጠበትን ፈልጉ። እንደ ቦንሃምስና ክሪስቲስ ያሉ ጨረታ ቤቶች ያለፉ ሽያጮችን ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። እንስሳው፣ መጠኑና ፊርማው የሚመሳሰለውን አጠገቡ አድርጋችሁ አወዳድሩ። ትንሽና ፊርማ የሌለው በመቶዎች ዶላር ወይም ከዚያ በታች ይሸጣል። ትልቅ፣ በጥሩ እጅ የተሠራና የተፈረመ ከሆነ ሺዎች ይገባል። ጨረታ ቤቱ ኮሚሽኑን እንደሚቆርጥ አትርሱ። ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ግምት ደግሞ ከሽያጭ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ሁለቱን አታምታቱ። የሚገምትላችሁና ዕቃውን ሊገዛ የሚፈልገው አንድ ሰው ከሆነ ሁለተኛ ሰው ጠይቁ።

ዝሆን ከሆነ ጥርሱን እዩ። አንዳንዶቹ ላይ የተሰካው እውነተኛ የዝሆን ጥርስ ነው። ያኔ ጉዳዩ የሕግ ይሆናል። በአገሮች መካከል የሚደረገው ንግድ በ1989 ታግዷል፣ ብሪታንያም ከ2022 ጀምሮ በአገር ውስጥ መሸጡን ራሱ በጥብቅ ገድባለች። ከመሸጥ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ ማየት ግድ ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። እንስሳው የእንጨት መቆሚያ ኖሮት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ መዳፎቹ የሚያርፉበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። ክዳኑ ላይ በቀለም የተጻፈበት ተራ የሚመስል ሳጥንም ሊኖረው ይችላል። ቤቱ ሲጸዳ መጀመሪያ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። የተጠራቀመው እንጨት ከመውጣቱ በፊት አንዴ አገላብጡት።