ሚረር ዲስክን ሪሲንክ ማድረግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ዳታ ይዘው ጎን ለጎን ሲሠሩ ሚረር ይባላሉ። ተለያይተው ሲገኙ እንደገና ማመሳሰሉ ሪሲንክ ነው። ሊኑክስ ላይ ይሄን የምንሠራው ተርሚናል ላይ በትዕዛዝ ነው፤ ስማቸው የሚቀራረብ አማራጮች ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታሉ።

«ሚረር ካለኝ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል?»
ፋይል ስታጠፉ ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል። በቃ፣ ይሄው ነው።

«ወጥቶ የተመለሰ ዲስክ ሁሌም ከዜሮ ነው የሚቀዳው»
እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኬብል ላልቶ አንድ ዲስክ ወጣ እንበል። ኤምዲስታትን (የሚረሩን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል) ስትከፍቱ ቅንፍ ውስጥ ሁለት «ዩ» (ለእያንዳንዱ ደህና ዲስክ አንድ) የነበረው አሁን አንድ «ዩ» እና አንድ የስር ሰረዝ ሆኗል። ብዙው ሰው ይደነግጥና «ንጹህ ሆኖ ይግባ» ብሎ ዲስኩን በዜሮ-ሱፐርብሎክ (ዲስኩ ላይ የተጻፈውን የሚረር መለያ በሚያጠፋው አማራጭ) ያጸዳዋል። ጥፋቱ እሱ ነው። ቢትማፕ (የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተቀየረ የሚይዝ መዝገብ) ካላችሁና በኤምዲአድም (ሚረሩን በምናስተዳድርበት ትዕዛዝ) ሪ-አድ፣ ማለትም መልሰህ አስገባ፣ ካላችሁት፣ የሚቀዳው ዲስኩ በሌለበት ጊዜ የተቀየረው ብቻ ስለሆነ አንዳንዴ በሰከንዶች ያልቃል። እንዲያውም ተራው አድ ራሱ የዲስኩን የድሮ መለያ ካገኘ መጀመሪያ ሪ-አድ ነው የሚሞክረው። መለያውን ካጠፋችሁበት ግን ምን ያድርግ? እንግዳ ነው ብሎ ሙሉውን ይቀዳል። ቢትማፕ ከሌላችሁ ሁሉም ደህና እያለ ጨምሩት፤ ዲስኩ ከወጣ በኋላ ቢጨመር ለዚያ ጊዜ አይደርስም።

«ሪፔር ትክክለኛውን ኮፒ ይመርጣል»
አይመርጥም። ሪፔር ሁለቱን ዲስኮች አንድ የሚያደርግ ትዕዛዝ ነው። ሚረር ላይ ኤምዲ (ሚረሩን የሚያሠራው የሊኑክስ ክፍል) የትኛው ዲስክ ትክክል እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የአንዱን ወስዶ ሌላው ላይ ይጽፋል፣ አለቀ። ስለዚህ መጀመሪያ ቼክ ስጡት፤ ልዩነቱን ቆጥሮ ይነግራችኋል እንጂ አያስታርቅም። ስዋፕ (ሜሞሪ ሲጠብ ሊኑክስ የሚጠቀምበት የዲስክ ቦታ) ያለበት ሚረር ላይ ቁጥሩ ዜሮ ባይሆን ወዲያው አትደንግጡ፣ ያጋጥማል። ዜድኤፍኤስ (የራሱ ሚረር ያለው የፋይል ሲስተም) ለየት የሚለው ለእያንዳንዱ ብሎክ ቼክሰም (ዳታው መበላሸቱን የሚያሳብቅ ቁጥር) ስለሚይዝ ነው፤ የተበላሸውን ለይቶ ያውቀዋል።

«የኤልቪኤም ሪሲንክ በየጊዜው ቢሰጥ ጥሩ ጥገና ነው»
ኧረ ተዉ! ኤልቪኤም የዲስክ ቦታን የሚያስተዳድር ሌላ የሊኑክስ መሣሪያ ነው፤ ኤልቪቼንጅ በሚባለው ትዕዛዙ ላይ ሪሲንክ ካላችሁ ሁሉንም እንደ አዲስ ይቀዳል፤ እስኪጨርስ ደግሞ ሁለተኛው ኮፒ አይታመንም። ለምርመራ በዚያው ትዕዛዝ ሲንክአክሽን ቼክ አለላችሁ።

«ቀርፋፋ ስለሆነ ተሰቅሏል፣ ሪስታርት ላድርገው»
ኤምዲ ሆን ብሎ ለሌላ ሥራ መንገድ ይለቃል። የተለመደው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 1,000 ኪሎባይት፣ ከፍተኛው 200,000 ነው። 4 ቴራባይት ዲስክ በታችኛው ብቻ ቢጎተት 46 ቀን ገደማ ይፈጃል፣ በላይኛው 5 ሰዓት ተኩል። ስፒድ-ሊሚት-ሚንን (ዝቅተኛውን ፍጥነት የሚወስነውን ቅንብር) ከፍ አድርጉት፤ ሲስተሙ ትንሽ እንደሚከብድ ግን እወቁ።

«ዲአርቢዲ ላይ ኢንቫሊዴት የትም ሰርቨር ላይ ቢሰጥ ያው ነው»
ዲአርቢዲ በኔትወርክ በተገናኙ ሁለት ሰርቨሮች መካከል ሚረር የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዳታ የሚያስበላው ይሄ ነው። ኢንቫሊዴት ማለት «የኔ ዳታ አይረባም፣ ከዚያኛው ቅዳልኝ» ማለት ነው። ኢንቫሊዴት-ሪሞት ተቃራኒው ነው፤ የዚያኛውን ይጥልና የናንተን ይልክለታል። ሁለት ተርሚናል ከፍቶ የተሳሳተው ላይ መጻፍ የጀማሪ ብቻ ስህተት እንዳይመስላችሁ፣ የኔም ጣት ኢንተር ላይ ደርሶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ሆስትኔም (የሰርቨሩን ስም የሚያሳይ ትዕዛዝ) ብዬ የት እንዳለሁ ሳላይ ምንም አልጽፍም።