ዶክመንተሪ ፊልምና ማኅበራዊ ለውጥ

ዘጋቢ ፊልም ወይም ዶክመንተሪ እውነተኛ ሰዎችንና እውነተኛ ሁኔታን ይዞ የሚቀርብ ፊልም ነው። አንዳንዶቹ ከጅምሩ ዓላማቸው ግልጽ ነው፤ ያየ ሰው ተነስቶ አንድ ነገር እንዲያደርግ ይፈልጋሉ። ካሜራ ከረከሰ፣ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስም ስልካችን ውስጥ ከገቡ ወዲህ ተመልካቻቸው በዝቷል። ኃይላቸው ግን የቆየ ነው። ለዚህም ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ይዞት ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቦታው ድረስ ሄዶ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የአገሩ ሕዝብ ደነገጠ፤ ገንዘብ አዋጣ። ነገሩ በእርዳታ አላበቃም። ደርግ ያንኑ ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ መሃል የቤተ መንግሥቱን ድግስ አስገባበት። ከዚያም በዘመን መለወጫው ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። በማግስቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ንጉሡን ያወረዳቸው ፊልም ነው ማለት ልክ አይሆንም። አብዮቱ ከየካቲት ጀምሮ እየተቀጣጠለ ነበር። ፊልሙ የመጣው የሕዝቡን ልብ ከንጉሡ ለማሸፈት ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን ሥልጣን የሚፈልግ እጅ ነበር። ስለዚህ አንድ ዶክመንተሪ ሲያስለቅሰን «ማን ቆርጦ ቀጠለው? ምን እንድናደርግስ ይፈልጋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በጥቅምት 1977 የኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራና የቢቢሲው ማይክል በርክ ድምፅ የኮረምን ረሃብ ለዓለም አሳዩ። የዜና ዘገባ እንጂ ዶክመንተሪ አልነበረም፤ ሆኖም በቀጣዩ ሐምሌ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ ኮንሰርት እስከማስደረግ ደርሷል። በእርዳታው የተረፈ ብዙ ነፍስ አለ። ምስሉ ግን አልለቀቀንም። ባሕር ማዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በረሃብ መሰደብ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። በፊልሙ ውስጥ ራቁቱን የታየው ሰው ስሙ እንኳን አልተጠየቀም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚህ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይለያል። በአስቸጋሪ ወሊድ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ የፊስቱላ ታማሚ የሆኑ አምስት ሴቶችን ተከትሎ፣ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ወዳቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይወስደናል። ሴቶቹ መገለላቸውን፣ ማፈራቸውንና ተስፋቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ። ተመልካቹም እጁን የት እንደሚዘረጋ ያውቃል፤ የሚታከሙበት ቦታ አለ፣ ሐኪሞቹም ሥራ ላይ ናቸው። ሐዘኔታ መሄጃ ካላገኘ በሁለት ቀን ይጠፋል። እዚህ መሄጃ ነበረው።

በውጭው ዓለም ውጤታቸው በግልጽ የታየ ፊልሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ጦር ውስጥ ስላለው ወሲባዊ ጥቃት የተሠራውን «ዘ ኢንቪዚብል ዋር» የመከላከያ ሚኒስትሩ ሊዮን ፓኔታ ካዩት በኋላ፣ የክሶቹ ውሳኔ ከቅርብ አለቃ እጅ ወጥቶ ወደ ከፍተኛ መኮንን እንዲሄድ አዘዋል። በመዝናኛ ፓርክ ስለሚያዙ ኦርካዎች የተሠራው «ብላክፊሽ» ከታየ በኋላ ደግሞ ሲወርልድ የተባለው የመዝናኛ ፓርክ በሕዝብ ግፊት እ.ኤ.አ. በ2016 ኦርካ ዓሣ ነባሪዎችን ማራባት አቁሟል። ከእንዲህ ያሉ ፊልሞች ጀርባ ብዙ ጊዜ የዘመቻ ሥራ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ አለ። ፊልሙን ለሕግ አውጪዎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለማኅበራት እየዞረ ያሳያል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። በዘርፉ ግንባር ቀደም የነበረው ፓርቲሲፓንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳን ከ20 ዓመት ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቷል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ ትልቁ ችግር እምነት ነው። በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በ2005 ደግሞ «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተባሉ ዶክመንተሪዎች በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲታዩ፣ ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ያላለቀ ሰዎችን ጥፋተኛ አድርገው አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ «ዛሬ ማታ ዶክመንተሪ አለ» ሲባል «ደግሞ ማንን ሊያስሩ ነው?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለውኃ፣ ለመሬት ወይም ለሴቶች መብት ብሎ ካሜራ የሚያነሳ ወጣት ባለሙያ መጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ጥርጣሬ ነው። ቀረጻ በሄደበት ሰፈር «ማን ላከህ?» ይባላል፤ ለዚህ ጥያቄ እዚያው፣ ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት፣ ቀጥተኛ መልስ መስጠት አለበት።