ፎርማት ማድረግ ማጥፋት አይደለም

ደሴ ፒያሳ ላይ ያገለገለ ሰርቨር የሚሸጥላችሁ ሰው «ፎርማት ተደርጓል» ሲላችሁ አልዋሸ ይሆናል፤ ዲስኩ ግን ባዶ አይደለም። በቅርቡ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ዲስክ በነፃ ፕሮግራም ስካን ሳደርግ የሠራተኞች ደመወዝ ዝርዝር ከነስልክ ቁጥራቸው ወጣ። ደነገጥኩ።

ፈጣን ፎርማት የመጽሐፍ ማውጫ ቀዶ እንደመጣል ነው፤ ገጾቹ እዚያው አሉ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሙሉውን አንድ ጊዜ በዜሮ መሙላት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ የአሜሪካው የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያም ያለው ይህንኑ ነው። 35 ጊዜ ደጋግማችሁ ጻፉበት የሚባለው ለድሮ ዲስኮች የታሰበ ነው። ትልቅ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ ታገሱት።

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ዳታን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ) ግን ሌላ ነው፤ ከእናንተ የሚደብቀው ትርፍ ቦታ ስላለው በላዩ ብትጽፉበትም የድሮው ዳታ ጥግ ይዞ ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ ዲስኩ ራሱን እንዲያጸዳ የሚያዘውን «ሴኪዩር ኢሬዝ» ወይም «ሳኒታይዝ» የተባለውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ አደረጃጀት) ካለ ደግሞ እሱን ማፍረስ ብቻውን ዳታውን አያጠፋም፤ እያንዳንዱን ዲስክ ለየብቻ አጽዱ። የማይነሳ ዲስክ ከሆነ እባካችሁ አትሽጡት፣ ሰባብሩት።