የኔትወርክ ኢንተርፌስና የራውት ፍተሻ

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙ ሰው ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ አልሆን ሲለው አገልግሎት ሰጪው ጋ ይደውላል። ከዚያ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ራሱን ማየት ይቀድማል። በየትኛው ኢንተርፌስ ነው የተገናኘው? ምን አድሬስ ይዟል? ዳታውን የሚልከው በየት በኩል ነው? የሦስቱም መልስ እዚያው አለ፤ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫንም አያስፈልግም።

ኢንተርፌስ የሚባለው ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር ነው፦ የኬብል መሰኪያው፣ ዋይፋዩ፣ ቪፒኤን (ዳታን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ግንኙነት) ሲበራ የሚፈጠረውም ጭምር። ዊንዶውስ ላይ «አይፒኮንፊግ»፣ ሊኑክስ ላይ «አይፒ አድር» የሚሉት ትእዛዞች ዝርዝሩን ያወጣሉ። ሊኑክስ ላይ 127.0.0.1 የያዘው ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ስለሆነ ይታለፋል። «ኖ ካሪየር» የሚል ከታየ ኬብሉ በደንብ አልተሰካም፣ ተበላሽቷል ወይም በሌላው ጫፍ ያለው መሣሪያ ጠፍቷል። በ169.254 የሚጀምር አድሬስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዲኤችሲፒ (አድሬስ ከሚያድለው አገልግሎት) መልስ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ለራሱ ያወጣው ነው፤ ይህ እያለ ብራውዘር መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፈው ራውቱን፣ ማለትም ዳታው የሚሄድበትን መንገድ ነው፤ ግራ የሚያጋቡት ብልሽቶች ግን የሚደበቁት እዚያ ነው። የራውቶቹ ሠንጠረዥ ዊንዶውስ ላይ በ«ራውት ፕሪንት»፣ ሊኑክስ ላይ በ«አይፒ ራውት» ይታያል። ዲፎልት ራውት (የራሱ ራውት ለሌለው መድረሻ ሁሉ የሚያገለግለው) ከሌለ ኮምፒውተሩ የቢሮውን ፕሪንተር ቢያገኝም ወደ ውጪ አይወጣም። ሁለት ካሉ ሜትሪኩ (የቅድሚያ ቁጥሩ) ያነሰው ይመረጣል። ሊኑክስ ላይ ግንኙነቶችን የሚያስተዳድረው ኔትወርክማናጀር የተባለ ፕሮግራም በተለምዶ ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600 ይሰጣል። ስለዚህ ኬብሉ ኢንተርኔት በሌለው ራውተር ላይ ከተሰካና የኔትወርክማናጀር የግንኙነት ፍተሻ ካልበራ፣ ዋይፋዩ ሙሉ ምልክት እያሳየ አንድም ገጽ ላይከፈት ይችላል። «አይፒ ራውት ጌት 8.8.8.8» ሲባል ወደዚህ የኢንተርኔት አድሬስ የሚላከው ዳታ በየትኛው ኢንተርፌስ እንደሚወጣ በአንድ መስመር ይታያል። ኬብሉን መንቀል ወይም ሜትሪኩን መቀየር ችግሩን ይፈታዋል።

ቪፒኤንም እንዲሁ ያሳስታል። ኦፕንቪፒኤን የተባለው የቪፒኤን ፕሮግራም ሁሉንም ዳታ በራሱ በኩል እንዲያሳልፍ ሲዋቀር ብዙ ጊዜ ነባሩን ዲፎልት ራውት አይነካም፤ አድሬሶችን ሁሉ ለሁለት የሚካፈሉ፣ 0.0.0.0/1 እና 128.0.0.0/1 የሚሉ ሁለት ራውቶች ይጨምራል። ጠበብ ያለው (ያነሱ አድሬሶችን የሚሸፍነው) ራውት ስለሚቀድም ዳታው በሙሉ ወደ ቪፒኤኑ ይሄዳል። ሰርቨሩ ከሞተ፣ ዲፎልቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁሉም ደህና ይመስለዋል።

ቀጥሎ ጌትዌዩን (ወደ ውጪ የሚያወጣውን ራውተር) ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም መልስ የሚጠይቅ አጭር መልእክት መላክ ነው። አንዳንድ ራውተር ለፒንግ እንዳይመልስ ስለሚዋቀር ዝም ማለቱ ብቻውን አያስወነጅለውም፤ ሊኑክስ ላይ «አይፒ ኔይ» ጌትዌዩን «ሪቸብል» ካለው ራውተሩ በቅርቡ መልስ ሰጥቷል ማለት ነው።